አንዲት «አይሆንም» ያጣ ሰው

ሰኞ 6

ይህቺን ለመጽሔቱ አንባቢዎቼ ባወራት እስከ ጡረታዬ ይስቁብኛል፤ ስለዚህ እዚሁ ደብተሬ ላይ ትቅር። ትናንት ባለቤቴ ፊቱን አረፋ አልብሶ ጢሙን ሲላጭ ስልኩ ጠራ። የማናውቀው ቁጥር ነው። የሽንኩርት ልጣጭ ጣቴ ላይ እንደተጣበቀ ሮጬ አነሳሁት። ጫማ ቤቱ ነው ብዬ ልቤ ቀድሞኝ ሄዷል። ደዋዩ «ጤና ይስጥልኝ፣ ስለ አገልግሎታችን...» ብሎ ሳይጨርስ፣ የትልቅ ሰው ሚስት የሚመስል ድምፅ አውጥቼ፣ ስንጠብቃችሁ ነበር፣ ከነገ ጠዋት ጀምሮ ዝግጁ ነን አልኩት። ሰውየው ደስ አለው። አድራሻ ሲጠይቀኝ እንኳ ቀጣሪ የተቀጣሪውን ቤት ምን ያደርግለታል ብዬ አልጠረጠርኩም። ፎቁን፣ የበሩን ቀለም፣ የተሰበረውን የደረጃ እርከን ሳይቀር ነገርኩት።

ዛሬ ጠዋት በራችን ሲንኳኳ ሁለት ጎረምሶች ቱቦ ያለው ማሽን ተሸክመው ቆመዋል። ምንጣፍ አጣቢዎች ናቸው። እኛ ደግሞ ምንጣፍ የለንም። እማማ፣ አማቴ ማለቴ ነው፣ ከክፍላቸው ብቅ ብለው ማሽኑን አዩ፣ ባዶውን ወለል አዩ፣ እኔን አዩ። «ልጄ፣ አጣቢውን ቀጥረሽ ምንጣፉን ረሳሽው?» አሉኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ባለቤቴ ግን አላፈረብኝም። ሶፋውን አሳጠበ፣ ጎረምሶቹን ሻይ አጠጥቶ ሸኛቸው። ሲወጡ ቀስ ብሎ ስልኩን ከኪሱ አወጣና ድምፁ ክፍት መሆኑን አየ። ያቺ ነገር አንጀቴን በላችው።

የጋዜጠኛ ልማድ ሆኖብኝ ከሥሩ ካልጀመርኩ አይሆንልኝም። ባለቤቴ ጫማ ሠሪ ነው፤ ቆዳውን ቆርጦ፣ የእግር ቅርጽ ባለው እንጨት፣ በፎርማ ላይ ወጥሮ፣ በወስፌና በክር በእጁ የሚሰፋ። ለዓመታት የሠራበትን ቤት ጌታው አርጅተው ሲዘጉት፣ ከዋናው መንገድ ማዶ ባለው ትልቁ ጫማ ቤት አመለከተ። እነሱ አንድ ልማድ አላቸው። አመልካች ሁሉ በራሱ ቆዳ አንድ ጫማ ሠርቶ ያስገባል፣ የግራ እግር ብቻ። ጥንዱን ካሠሩ የሰው ጉልበት ሸጡ ተብለው እንዳይታሙ ነው አሉ። ባለቤቴ የእራት ጠረጴዛችን ላይ የሠራት ቡናማ ግራ ጫማ፣ እውነት ለመናገር፣ በዚያ ሰሞን ከእኔ ይልቅ ተዳብሳለች። አስረከበ። «እንደውላለን» አሉት። ይኸው ከዚያ ወዲህ ስልኩ ትራሱ ሥር ነው የሚያድረው።

ሐሙስ 9

በጥድፊያ። መጽሔቱ ማተሚያ ቤት ሊገባ ሁለት ገጽ ቀርቶታል። ለአንባቢ ደብዳቤ ገጽ አዲስ ጸሐፊ መረጥን፤ ልጅቷ ጎበዝ ናት፣ ቀልድም ታውቃለች። የቀሩትን አመልካቾች ምን እንበላቸው ብዬ ዋና አዘጋጃችንን ጠየቅኩት። ከጀርባው አቶ ነጥብ ነው የምንለው፤ ሐሳቡን ሁሉ በዚያች ቃል ነው የሚዘጋው። «ምንም አንላቸውም። ነጥብ» አለኝ። ማተሚያ ቤቱ እየደወለ ነው። ሮጥኩ።

እሑድ 12

ዛሬ ሻንጣው መጣ። ስሙ አይደለም፤ ሻንጣና ቦርሳ ስለሚጠግን ሰፈሩ ያወጣለት ነው፣ እሱም ሳይከፋው ተቀብሎታል። ባቡር ጣቢያው አጠገብ ጠባብ ሱቅ አለው። አብሮት ይሠራ የነበረው ወንድሙ ሌላ ከተማ ስለገባ የሱቁ ግማሽ ባዶ ሆኗል። ሰው ቦርሳ ይዞልኝ ሲመጣ እኔ የማየው ያለቀ ተረከዙን ነው፣ ወንድሜ፣ ና በአንደኛው ወገን አንተ ጫማ፣ በሌላው እኔ ቦርሳ፣ የመጣውን እንካፈል አለው። ሻይ እየቀዳሁ እጄ አየር ላይ ቆመ። እማማ ከወንበራቸው ጫፍ ደርሰዋል።

ባለቤቴ አመሰገነና ትንሽ ታገሠኝ አለው። «ሥራዬ እጃቸው ላይ እያለ ለሌላ ሰው ቃል አልሰጥም» አለ። ይህ ሙያውን ካስተማሩት ሽማግሌ የወረሰው ሕግ ነው፤ በእጅህ የሠራኸው ዕቃ የሰው መደርደሪያ ላይ እስካለ ድረስ አንተም የዚያ ቤት ሰው ነህ። ጫማ ቤቱ ሕጉን ይወቀው አይወቀው እንጃ። ሻንጣው ራሱን አከከ። ግድ የለም፣ ሰሞኑን እጠብቅሃለሁ ብሎ ወጣ።

እማማ ለግድግዳው ይመስል፣ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አሉ። ባለቤቴ ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ። ይህ ችሎታ በዘራቸው ነው።

ጫማ ቤቱ በዚህ ሳምንት ይደውላል። ደግ ነገር ይሸተኛል።

ማክሰኞ 14

ፀጉሬን ልሠራ ሄጄ ነበር። ምነው እግሬን በሰበረው።

ማድረቂያው ሥር ዓይኔን ጨፍኜ ተቀምጫለሁ፤ ጆሮዬ ግን እንደ ሙያዬ ክፍት ነው። ከጎኔ ያለችው ሴት ለፀጉር ሠሪያችን ስለ ባሏ ታወራለች። ትልቁ ጫማ ቤት ከገባ ሁለተኛ ሳምንቱን ይዟል። የፈለጉት አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ ከዚያ ሁሉ አመልካች እሱን ወሰዱት፤ ማሽን ላይ እጁ እንደ ነፋስ ነው። ፀጉር ሠሪዋ እልል ልትል ምንም አልቀራት። እኔም ከማድረቂያው ሥር ብቅ ብዬ እንኳን ደስ አለሽ አልኳት። ምን ልበል ታዲያ? ሴትዮዋ ከልቧ አመሰገነችኝ። ደግ ፊት አላት። ልጠላት ብሞክር አቃተኝ።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ የሕንፃውን ሰው ሁሉ ጫማ ደረጃው ላይ ደርድሮ ይቀባል፤ እጄ እንዳይፈታ ነው ይላል። ምን አዲስ ነገር አለ አለኝ። ፀጉሬን አታይም እንዴ አልኩት። አየና ያምርብሻል አለኝ። ገብቼ የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ ከፈትኩ፤ ለምን እንደከፈትኩት አላውቅም።

አሁን ሁሉም ተኝቷል። ለምን አልነገርኩትም? የፀጉር ቤት ወሬ እኮ ማስረጃ አይሆንም። ደግሞስ መንገር ያለባቸው እነሱ ናቸው። ደውለው «ወንድሜ፣ ስለ ድካምህ እናመሰግናለን፣ አልሆነም» ማለት የእነሱ ፋንታ እንጂ የእኔ አይደለም። ደግሞ ምናልባት ሁለተኛ ሰው ይጨምሩ ይሆናል። ደግሞ እሑድ የእህቱ ልጆች ይመጣሉ፣ ቤቱ ሳቅ ይፈልጋል። ደግሞ... «ደግሞ» ሲበዛ የሌላ ሰው ጽሑፍ ቢሆን ኖሮ በቀይ እሰርዘው ነበር።

ሐሙስ 16

አልደወሉም። እማማ ጠዋትም «ደወሉ?» ማታም «ደወሉ?»። ባለቤቴ ነገ ይሆናል ይላል። እኔም ነገ ይሆናል እላለሁ።

ዓርብ 17

ከአቶ ነጥብ ጋር ተፋጠጥን። ያልተመረጡት አመልካቾቻችን እየጠበቁ ነው፣ እንንገራቸው አልኩት። እሱም ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ከዚህ ቀደም የደረሰበት አለ። አንዱን አመልካች አልተመረጥክም ቢለው፣ ሰውየው በየጠዋቱ ኮሪደራችን ላይ እየመጣ መቀመጥ ጀመረ፤ ጽሑፉን ደግመህ አንብበው፣ የት ላይ ነው የደከምኩት እያለ። የጽዳት ሠራተኛዋ እግሩን አንሳ እያለች በዙሪያው ትጠርግ ነበር። «ለሰው አልተመረጥክም ስትዪው ለምን ይላል። ምክንያቱን ስትነግሪው ይከራከራል። ዝም ስትዪው ግን ራሱ ይረዳል» አለኝ። በዚያ ላይ ማስታወቂያችን የምናነጋግረው የተመረጡትን ብቻ ነው ይላል፤ ማንበብ የሚችል ሰው ሌላ ምን ይፈልጋል?

«እስከ መቼ እንደሆነ ግን አይልም» አልኩት። «ዛሬ ያልተደወለለት ሰው ነገ ሊደወልልኝ ነው ብሎ ይተኛል። በስንተኛው ነገ ነው ራሱ የሚረዳው?»

ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አደረገ። ይህን ያህል ካንገበገበሽ በዓምድሽ ጻፊው፣ እኛን ግን ስም አትጥሪ አለኝ። ነጥቡን ረሳት። ጥሩ ምልክት ነው።

ለእሱ ያን ሁሉ ስለፈልፍ ጉንጬ ግሎ ነበር። ከንዴት ነው ብያለሁ።

ሰኞ 20

ዓምዱን ጻፍኩ። እንደ ዛሬ ቀሎኝ ጽፌ አላውቅም፤ ቃሉ እየተጋፋ ነው የመጣው። ቀጣሪዎችን አንድ በአንድ ጎሸምኳቸው። ሥራ ፈላጊ ብቻውን አይጠብቅም አልኩ፤ እናቱ ትጠብቃለች፣ ሚስቱ ትጠብቃለች፣ ሌላ ሥራ ሊሰጠው የፈለገ ሰው እንኳ አብሮ ይጠብቃል። ቀጣሪም ሥራ እንደሚበዛበት፣ የሚከራከረው እንደማይጠፋ አልካድኩም። ግን ሁለት መስመር መልእክት ማንንም አላደኸየም። ልጅቷ፣ አዲሷ የደብዳቤ ገጽ ጸሐፊያችን ማለቴ ነው፣ አንብባ እንባዋ መጣ። እኔ ራሴ ስመረጥ እንጂ ሳልመረጥ የተነገረኝ አንድ ቀን የለም አለችኝ፤ ካመለከተችባቸው ቦታዎች ገና የምትጠብቀው አለ። «የት እንዳለሁ ቢያዩ ይደነግጣሉ» ብላ ሳቀች።

እሑድ 26

መጽሔቱ ወጣ። ባለቤቴ ራሱ ገዝቶ መጣ፣ መሥሪያ ቤቴ በነፃ እንደሚሰጠኝ እያወቀ። ቁርስ ላይ መነጽሩን አድርጎ ለእማማ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበላቸው። ሲያነብ ቃል በቃል ነው፣ እንደ ስፌቱ፣ አንዱን አጥብቆ ወደ ሌላው። አንድ ቦታ ሲደርስ ቆመና ደገማት፦ «የማይሆን መሆኑን እያወቀ ዝም የሚል ሰው፣ የሰው ቀን ይበላል።»

«ይህቺ ወርቅ ናት» አለ። «እማማ፣ ሰሙ? የሰው ቀን ይበላል።»

እማማ ሰምተዋል። ዓይናቸው ግን እኔ ላይ ነበር። እኔ ተነስቼ ሳህኖቹን አጠብኩ። ከታጠቡ ቆይተው ነበር፤ ድጋሚ ንጹሕ ሆኑ።

ማክሰኞ 28

ዛሬ እነግረዋለሁ።

ከምሳ በኋላ። አልነገርኩትም፤ እንቅልፍ ወስዶት ነበር።

ከእራት በፊት። ልጀምር ስል «ድካም ይታይብሻል፣ ተቀመጪ፣ እኔ አቀርባለሁ» አለኝ። እንዲህ ያለ ሰው ላይ እንዴት አድርጎ ነው አፍ የሚከፈተው።

ስለ ዓምዱ ብዙ ሰው እየጻፈ ነው። ሁሉም ደፋር ነሽ ይለኛል።

ሐሙስ 30

ሻንጣው ሱቁን ዘግቶ መጣ። ሲዘጋ አይቼው ስለማላውቅ ገና ደረጃውን ሲወጣ ነገሩ ገባኝ። አንድ ጃንጥላ ጠጋኝ ያንን ባዶ ግማሽ ጠይቆታል። ዝናቡ ስለበረታ ሥራ ሞልቶለታል፣ የሚቀመጥበት ግን የለውም፤ የሰው በረንዳ ላይ ነው የሚሠራው። እናያለን ብዬዋለሁ አለ ሻንጣው። «ወንድሜ፣ እኔ አንተን ነው የምፈልገው። ግን እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ቁርጡን ንገረኝ። ኪራዩን ብቻዬን አልችለውም።»

ባለቤቴ ወለሉን እያየ፣ እስቲ ሰኞ ጫማ ቤቱ ሄጄ ባስታውሳቸው ይሻል ይሆናል አለ። ከዚያ ደግሞ ራሱ አፈረሰው፤ የጎተጎትኳቸው እንዳይመስላቸው አለ። ሻንጣው ወደ እኔ ዞረ፤ አንቺ እንኳ ምከሪው እንጂ፣ እህቴ፣ መጽሔት ላይ አገር ትመክሪ የለም ወይ አለኝ።

ውሃ ላምጣላችሁ አልኩና ወጣሁ።

ዓርብ 1

ነገርኩት።

ከገበያ ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ፣ ቆመን። የድንችና የሽንኩርቱን ዘንቢል እሱ ይዟል። ሻንጣውን ሌላ ሁለት ሳምንት ልለምነው ይሆን እያለኝ ነበር። የሰው ክርን ጎኔን እየወጋኝ፣ ሹፌሩ ፍሬን ሲይዝ ሁላችንም ወደፊት ስንንጋደድ፣ ከአፌ አመለጠኝ።

«ሰው ወስደዋል» አልኩት።

«ማን?»

«ጫማ ቤቱ። ሌላ ሰው ወስደዋል። ሥራ ከጀመረ ቆየ።»

ዘንቢሉን ከቀኝ እጁ ወደ ግራው አዛወረ። «መቼ ሰማሽ?» አለኝ።

«ፀጉሬን የተሠራሁ ቀን።»

ፀጉሬን አየው። የተሠራሁት ከተበላሸ ቆይቷል፤ እንደገና የምሠራበት ጊዜ ደርሷል። ከዚያ በኋላ አላየኝም። ከእኛ ፌርማታ ቀድሞ ባለው ወረደ፣ ዘንቢሉን እንደያዘ። አንዲት እናት ከመቀመጫዋ ሆና ልጄ ባልሽ ያለቦታው ወረደ አለችኝ። አውቃለሁ እናቴ አልኳት።

እሑድ 3

ኩርፊያ። ጨው አቀብይኝ የሚለው በእማማ በኩል ነው። የእህቱ ልጆች መጥተው ነበር። ለዝምታዬ ሰበብ ያደረግኳቸው ልጆች ናቸው፤ ቤቱ ዝም ማለቱን እንኳ አላስተዋሉም፣ ሶፋው ላይ ሲዘሉ ዋሉ።

እራት ላይ እማማ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «ዝምታ ለበግም አልበጃት፣ ሰላሳ ሆና አንድ ነብር ፈጃት» አሉ። «አንቺ እንዳይከፋው ብለሽ ዝም አልሽ። አንተ ደግሞ ከፍቶህ ዝም አልክ። እኔ በመካከላችሁ ጨው ተሸካሚ ሆኜ ልሙት?»

ባለቤቴ ሳቁ ሊያመልጠው ሲል በዳቦው አፈነው። እኔ ግን አየሁት። ይቅርታ አድርግልኝ አልኩት፣ እማማ ባሉበት። ቀጣሪዎችን ስሰድብ እኔው ራሴን መዝለሌን ነገርኩት። እሱም ቀስ ብሎ፣ ዓምድሽን ጮክ ብዬ ሳነብ ነበር መናገር የነበረብሽ አለኝ። ልክ ነው። ከዚያ ጨዉን ራሱ ተንጠራርቶ ወሰደ፤ አስታራቂያችን ከሥራ ወጡ።

ማክሰኞ 5

ጫማ ቤቱ ሄድን። ጫማዬን ልውሰድ፣ አንቺም ነይ፣ የጻፍሽበትን ነገር በዓይንሽ እዪው አለኝ።

አየሁት። ከሥራ ክፍሉ በስተኋላ አንድ መደርደሪያ አለ፤ ከላይ እስከ ታች ግራ ጫማ። ጥቁር፣ ቡናማ፣ ቀይ፣ ባለ ማሰሪያ፣ የሴት፣ የሕፃን። ባለ አንድ እግር ሕዝብ ስብሰባ የተቀመጠ ነው የሚመስለው። በየሶሉ ላይ በነጭ ቀለም የሠሪው ስልክ ቁጥር ተጽፏል። ቁጥሩ እዚያው አለ እንግዲህ፤ ጫማውን መገልበጥ ብቻ ነው የሚጠይቀው።

የቤቱ ባለቤት መነጽሯን ፀጉሯ ላይ የሰካች፣ ፈጣንና ጨዋ ሴት ናት። ባለቤቴን ስታየው ፊቷ ቀላ። እጅህ ግሩም ነው አለችው፣ ስፌትህን ለሠራተኞቼ አሳይቻለሁ፤ ግን እኛ ማሽን ላይ ብዙ የሚያወጣ ሰው ነበር የምንፈልገው። በማሽን እንደማይሰፋ በመጀመሪያው ቀን ነግሯት እንደነበር አስታወሳት። ሴትዮዋ መነጽሯን አወረደች፣ መልሳ ሰካች። ሰው ማስከፋት አልወድም፣ ለዚያ ነው ያልደወልኩት አለችው።

«እሜቴ፣ አላስከፉኝም» አላት፤ «አስጠበቁኝ እንጂ። ያኔውኑ አይሆንም ቢሉኝ በማግስቱ ሌላ ቦታ እጀምር ነበር።»

ድምፁን ከፍ አላደረገም። ማሽኖቹ ግን አንድ በአንድ ዝም አሉ፤ ሠራተኞቹ ሁሉ እየሰሙ ነበር። ከመካከላቸው አንዱ ጎንበስ አለ። የዚያች ደግ ፊት ያላት ሴት ባል መሆን አለበት። ባለቤቴ ሲወጣ ትከሻውን መታ አደረገና መልካም ሥራ አለው። ከዚህ ሰው ነው እንግዲህ እኔ፣ እውነት አይችልም ብዬ፣ ነገሩን የደበቅኩት።

በር ላይ ሴትዮዋ ተከትላን ወጣች። ለቀሩት አመልካቾችስ ደውዬ ምን ልበላቸው አለችኝ፤ ዓምዱን አንብባዋለች። ሥራው በሰው ተይዟል፣ ስለ ድካማችሁ አመሰግናለሁ፣ ጫማችሁን ውሰዱ፣ በቃ አልኳት። ይህ ብቻ ነው? ይህ ብቻ ነው።

መንገዱን ስንሻገር ባለቤቴ ያችን ቡናማ ግራ ጫማ በክንዱ ሥር ይዞ፣ «ሁለታችሁም አንድ ናችሁ፣ አንቺና እሷ» አለኝ። ነን አልኩት።

ሐሙስ 7

በሥራ ሰዓት ሰርቄ የምጽፈው ነው። አቶ ነጥብን በሩ ላይ ጠብቄ፣ ለአመልካቾቻችን እኔ ራሴ ልደውል አልኩት። የሚጣላ ከመጣ ወንበሩን አንቺ ጠረጴዛ አጠገብ ነው የማስቀምጥለት አለኝ። ተስማማሁ።

አንዱ ገና አልሆነም ስለው ዘጋብኝ። አንዱ ተከራከረኝ፤ የቀልዱ አቀማመጥ ላይ ሳይቀር ተከራከረኝ። አቶ ነጥብ በመስታወቱ በኩል «አላልኩሽም?» በሚል ፊት እያየኝ ነው። ቢሆንም ሰውየው ሲበቃው፣ እሺ፣ እንኳንም ነገራችሁኝ ብሎ ተሰናበተኝ። አንዲት ሴት ደግሞ ረዥም ትንፋሽ አወጣች። እህቷ የመጻሕፍት ሱቅ ውስጥ አብረን እንሥራ ብላት እኛን ስትጠብቅ እንቢ ስትላት ቆይታለች። «ተመስገን፣ ዛሬውኑ እደውልላታለሁ» አለችኝ። አልተመረጥሽም ስላልኳት ተመስገን የምትለኝ ሰው አገኛለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ስልኩን ድምፁ እንዲሰማ ከፍቼው ነበር። አቶ ነጥብም ሰማ።

ከሰዓት በኋላ ለፎቶግራፍ አንሺ የሚወጣውን የቅጥር ማስታወቂያ ለእርማት ላከልኝ። «የምናነጋግረው የተመረጡትን ብቻ ነው» የምትለዋን ራሱ ሰርዟታል። በምትኳ ላልተመረጡትም መልስ የሚሰጥበትን ቀን አስገብቷል። እኔ የጨመርኩት አንዲት ሥርዓተ ነጥብ የለም።

ቅዳሜ 9

የቁርጡ ቀን። ጠዋት ባለቤቴ ወስፌውንና ፎርማዎቹን በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ሻንጣው ሱቅ ሄደ፤ እኔም ከኋላ ከኋላው። መንገዱን በሙሉ ቦታው ተወስዶ ቢሆንስ እያልኩ ነበር፤ ለእሱ ግን አላልኩትም። አይ፣ አልኩት። አሁን ሁሉን ነገር መናገር ጀምሬያለሁ፣ ሰለቸው መሰለኝ።

ሻንጣው ሲያየን ከወንበሩ ተነስቶ አቀፈው። መጣህ፣ በቃ ግባ፣ ዕቃህን አስቀምጥ አለው። ባለቤቴ የበሩ ደፍ ላይ ቆመ። ጃንጥላ ጠጋኙስ አለው። ሻንጣው እጁን አወናጨፈ፤ እሱ ዝም ሲባል ይገባዋል፣ ዝናቡ ሲያባራ ይረሳዋል አለ።

«እናያለን ያልከው ሰው አሁን በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ እየጠበቀህ ነው» አለው ባለቤቴ። «እሱ ሳይሰማ እኔ አልገባም።»

ሻንጣው ወደ እኔ ዞረ፣ አስታርቂኝ በሚል ዓይን። አላስታረቅኩትም። ሰው ፊት ለፊት እንቢ ማለት በሕይወቴ አልሆነልኝም አለ፤ አላፊ አግዳሚው የተበላሸ ዚፕ በነፃ የሚያስጠግነው ለዚህ ነው። እንግዲያው እንለማመድ አለው ባለቤቴ፤ እኔ ጃንጥላ ጠጋኙን ልሁን፣ አንተ ንገረኝ። ሁለቱ ጎልማሶች አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተያይተው ተቀመጡ። ሻንጣው ጉሮሮውን ጠረገና፣ ወንድሜ፣ እንዳንተ ያለ ጃንጥላ ጠጋኝ ዓይኔ አላየም፣ ሱቄ ያላንተ ሱቅ አይደለም፣ አንተ ለዚህ ሰፈር በረከት ነህ ብሎ ጀመረ። እንዲህ ካልከው መሣሪያውን ይዞልህ ይገባል አልኩት። ቦርሳዋን ልትወስድ ተራ የምትጠብቅ ሴት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። በሦስተኛው ሙከራ «ቦታውን ለሌላ ሰው ሰጥቻለሁ፣ ስላስጠበቅኩህ ይቅርታ» ብሎ ጨረሰና ላቡን በመሐረብ ጠረገ። ሴትዮዋ ጎሽ አለችው።

ደወለ። የሰውየው ስልክ ዝግ ነው። ደገመ፤ ዝግ ነው። ሻንጣው በስልኩ መዘጋት ደስ ያለው መሰለ፣ ባለቤቴ ግን አልለቀቀውም። ሰውየው ድልድዩን ተሻግሮ ባለው የዳቦ ቤት በረንዳ ላይ እንደሚውል ያውቃሉ። ነገ ጠዋት ሁለቱም ሄደው ፊት ለፊት ሊነግሩት ተስማሙ፤ ሰኞ ባለቤቴ ሥራ ይጀምራል። ወስፌና ፎርማዎቹ እዚያው አደሩ፣ ጥቅልላቸው ሳይፈታ።

ስንወጣ ባለቤቴ ወደኋላ ቀርቶ የሱቁን መስኮት ሲያይ አገኘሁት። ከመስኮቱ ሥር አንዲት ጠባብ ቦታ አለች፤ አሁን የተጠራቀመ ካርቶን ነው የሞላባት። በስንዝሩ ለካት። ጃንጥላ ሲጠገን ተዘርግቶ ነው አይደል አለኝ። አላውቅም አልኩት። ወደ ሻንጣው አየ፣ ሻንጣውም ወደ ካርቶኖቹ አየና አንዱን በእግሩ ገፋ አደረገው። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ያልገባኝን ነገር ሳልጠይቅ ተውኩት፤ ሰውየው መጀመሪያ እውነቱን ይስማ፣ የቀረውን እነሱ ያውቃሉ።

እማማ ነገሩን ስነግራቸው ለነገ ወፍራም ካፖርታቸውን ካላበስኩት ብለው ባለቤቴን ይዘውታል፤ ድልድዩ ላይ ነፋስ አለ እያሉ። እኔ ነገ የትም አልሄድም። ከድልድዩ ሲመለሱ መስኮቱ ላይ ነኝ፤ ጃንጥላ ጠጋኙ ምን እንዳለ፣ ፊቱ ምን እንደመሰለ፣ ማን ቀድሞ እንደሳቀ ሳያወሩኝ እራት አላቀርብም፣ ሳልጽፈውም ብዕሬን አልከድንም።